ሰርጥ የመሰለው በረዶ

ፊልሙ ስቶክሆልም ሲደርስ በበረዶ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ነበር። የፎቶግራፍ መምህሩ ጆን ሄርትዝበርግ በንጉሣዊው የቴክኒክ ተቋም ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ ውሃ የጠጣውን ፊልም ቀስ እያለ እየፈታ አጠበው። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1930 ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ከ240 ያህል ምስሎች 93ቱን ማትረፍ ቻለ። ከተረፉት አንዱን ዛሬም ያየ ሰው ዝም ብሎ ይቆያል። ግዙፍ ፊኛ በበረዶ ሜዳ ላይ በጎኑ ተዘርሯል፤ ሁለት ሰዎች ከፊቱ ቆመው፣ የወደቀ ዝሆን እንደሚያይ አዳኝ፣ ይመለከቱታል።

ሁለቱ ሳሎሞን አንድሬ እና ክኑት ፍሬንከል ናቸው። ካሜራውን የያዘው ሦስተኛው ሰው ኒልስ ስትሪንድበርግ ነው። ሦስቱ ስዊድናውያን ጁላይ 11 ቀን 1897 «ንስር» በተባለ ፊኛ ከስቫልባርድ ደሴቶች ተነስተው ወደ ሰሜን ዋልታ አቀኑ። ስትሪንድበርግ የያዘው ካሜራ እንዲሁ ለመታሰቢያ የሚያዝ ዓይነት አልነበረም። ማንም ያላየውን ምድር ከሰማይ ቁልቁል እያነሱ በካርታ ላይ ለማስፈር ታስቦ የተሠራ ነበር። ፊኛው ግን ጉሙና ውርጩ ከብዶት በሦስተኛው ቀን በረዶ ላይ አረፈ። ሰዎቹ ዕቃቸውን በተንሸራታች ጋሪ እየጎተቱ ከሁለት ወር በላይ በተሰነጣጠቀው የባሕር በረዶ ላይ ተንከራተቱ፤ በመጨረሻም ክቪቶያ በምትባል ደሴት ላይ ሦስቱም ሞቱ። አስከሬናቸውና ፊልማቸው የተገኘው በ1930 ነው።

የዋልታን ምድር ከአየር ፎቶ የማንሳት ታሪክ ከዚህ ሐዘን ይጀምራል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያስታውሰው በጀግኖቹና በአውሮፕላኖቹ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ፎቶው ከአንሺው በላይ ያወቀበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከአንድሬ በረራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1902፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት በአንታርክቲካ በሮስ የበረዶ ገበታ ጠርዝ ላይ በገመድ የታሰረ የሃይድሮጂን ፊኛ ተሳፍሮ 240 ሜትር ያህል ወጣ። እሱ ሲወርድ ተራው የኧርነስት ሻክልተን ሆነ። ሻክልተን ካሜራ ይዞ ስለነበር የአንታርክቲካን የመጀመሪያ የአየር ፎቶዎች ያነሳው እሱ ሆነ። «ኢቫ» የተባለችው ፊኛ ጋዝ ማፍሰስ ስለጀመረች ዳግመኛ አልወጣችም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ማርች 29፣ ጀርመናዊው ኤሪክ ፎን ድሪጋልስኪ «ጋውስ» መርከቡ በበረዶ ተይዛ በቆመችበት በሌላው የአህጉሩ ወገን 500 ሜትር ያህል ወጥቶ፣ ያየውን በስልክ ሽቦ ወደ ታች እየተናገረ፣ በነጩ ሜዳ ላይ ለብቻው የቆመውን ጥቁር የጋውስበርግ እሳተ ገሞራ ተመለከተ።

እነዚህን ሰዎች ያን ያህል አደጋ ውስጥ የከተታቸው ቀላል ችግር ነበር። በበረዶ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሩቅ አያይም። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ መንገድ የለም፤ ርቀትን የሚነግር ምንም ነገር የለም። ኮረብታ የመሰለው ተራራ ይሆናል፤ ቅርብ የመሰለው የአሥር ቀን መንገድ ይሆናል። በውሻ በሚጎተት ጋሪ አንድ ሙሉ የዋልታ በጋ የሚጓዝ ቡድን ግራና ቀኙን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ እያየ ይመለሳል። ከፍ ያለ ግን በአንድ እይታ የዚያን ሁሉ ጊዜ ድካም ይዞ ሊወርድ ይችላል።

በአውሮፕላን ዘመን ለዚህ ሙያ መልክ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያን በዓይኑ ያየ ነው። ዋልተር ሚተልሆልዘር የስዊስ አብራሪና ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በ1923 ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ከአላስካ ተነስቶ በዋልታው ላይ ወደ ስቫልባርድ ሊበር ሲያቅድ፣ በወዲያኛው ጫፍ ሆኖ የሚረዳው ቡድን በጀርመን ዩንከርስ አውሮፕላን ወደ ስቫልባርድ ተላከ። የአሙንድሰን አውሮፕላን በሙከራ ላይ ስለተሰበረ ዕቅዱ ተሰረዘ። የስቫልባርዱ ቡድን ግን እዚያ ከደረስን አይቀር ብሎ በውሃ ላይ በሚያርፈው አውሮፕላኑ በረረ። ሚተልሆልዘርም ሹል ተራሮቹን፣ በመካከላቸው እንደ ወንዝ የሚወርደውን በረዶና ወደ ባሕር የሚሰነጠቀውን ጫፉን ከአየር አነሳ። ከእሱ በፊት የስቫልባርድን በረዶ ከአውሮፕላን ሆኖ እንዲህ አድርጎ ያነሳ አልነበረም።

ያው ሰው በ1934 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተሸጠውን ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አውሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋንና የኢትዮጵያን ደጋ ከአየር አንስቶ በዚያው ዓመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። ምስሎቹ ዛሬ ዙሪክ በሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከስቫልባርዶቹ ጋር በአንድ ስብስብ ተቀምጠዋል። የበረዶ ወንዝን ያነሳው ዓይን የደጋውን ገደልና ሸለቆ እንዴት እንዳየው ጎን ለጎን አድርጎ መመልከት ይቻላል።

የዚህ ታሪክ ልብ ግን ያለው በአንታርክቲካ ነው፤ ሰውዬውም ሁበርት ዊልኪንስ ይባላል።

ዊልኪንስ አውስትራሊያዊ ነው። በ1912 የባልካንን ጦርነት በፊልም ቀርጿል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውስትራሊያ ጦር ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ግንባር ድረስ ሄዷል። ካሜራ ለእሱ እንግዳ ዕቃ አልነበረም። ኖቬምበር 16 ቀን 1928 ከአብራሪው ካርል ቤን አይልሰን ጋር በአንታርክቲካ የመጀመሪያውን የአውሮፕላን በረራ አደረገ። የተነሱት ከዲሴፕሽን ደሴት ነው። ደሴቲቱ መሐሏን ባሕር የሞላት አሮጌ እሳተ ገሞራ ናት፤ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ሰፈርም ነበረባት። ሊነሱበት ያሰቡት የወደቡ በረዶ በዚያ ዓመት ስስ ስለሆነባቸው ድንጋዩን ለቅመው በእሳተ ገሞራው አመድ ላይ መንደርደሪያ አበጁ።

ዲሴምበር 20 ቀን ረጅሙን በረራ ጀመሩ። አውሮፕላኑ በዚያን ጊዜ ግራሃም ላንድ ይባል በነበረው፣ ወደ ደቡብ አሜሪካ በተዘረጋው ረጅም የአህጉሩ ክንድ ላይ ወደ ደቡብ ገሰገሰ። ዊልኪንስ በካቢኑ መስኮት አንዴ በእጁ ካሜራ ያነሳል፣ አንዴ ጭኑ ላይ ባለው ወረቀት ንድፍ ይስላል። ሰው ሆኖ ያየው የሌለ ምድር በየደቂቃው ከሥሩ ያልፋል። በአንድ ቀን በረራ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ መልስ ሄዱ። በታሪክ አዲስ ምድር ከአውሮፕላን ላይ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ያየው ነገር አስደናቂ ነበር። ምድሪቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በባሕር ሰርጦች ተቆራርጣለች፤ አንድ ክንድ ሳትሆን የደሴቶች ሰንሰለት ናት። ዊልኪንስ ለሰርጦቹ ስም አወጣ። አንዱን በሎስ አንጀለስ በሚኖር ክሬን በሚባል ሰው ስም «የክሬን ሰርጥ» አለው። የካርታ ሠሪዎች ስሞቹን ተቀብለው ጻፉ። ለበርካታ ዓመታትም የአንታርክቲካ ካርታ ሰማያዊ መስመር እየተሰመረበት ታተመ።

ሰርጥ ግን አልነበረም። ከ1934 እስከ 1937 በጆን ራይሚል የተመራ የእንግሊዝ ቡድን በውሻ ጋሪና በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ምድሪቱን ሲያጠና ከዳር እስከ ዳር የሚያሻግር ውሃ አላገኘም። ግራሃም ላንድ ከአህጉሩ ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ሆኖ ተገኘ። ዊልኪንስ ያየው በገደሎች መካከል የተኛ፣ ላዩ የተስተካከለ የበረዶ ግግር ነበር። ከላይ ሲታይ ጥላ የለውም፣ ተዳፋቱ አይታወቅም፣ ነጩ ብርሃን ዓይንን ያጥበረብራል፤ የረጋ ባሕር ይመስላል። ልምድ ያለው ሰውም ቢሆን በዚያ ፍጥነትና በዚያ ብርሃን መሳቱ አያስወቅስም።

ቀጥሎ የሆነው ነው ቆም ብሎ ማየት የሚገባው። በ1947 እንግሊዞች ያንኑ አካባቢ እንደገና ፎቶ አነሱት። አዲሱን ምስል ከዊልኪንስ የ1928 ምስል አጠገብ አድርገው ሲያስተያዩ ተራራው በተራራው ላይ ገጠመ። «የክሬን ሰርጥ» የተባለው በምሥራቁ ጠረፍ ወደ ባሕር የሚወርድ ጠባብ የበረዶ ግግር ነበር፤ ያውም ዊልኪንስ በካርታ ላይ ካመለከተው ቦታ ርቆ ወደ ሰሜን ምሥራቅ። ስሙ «የክሬን የበረዶ ግግር» ተብሎ ታረመ። አንሺው የቦታውን ዓይነትም መገኛውንም ስቶ ነበር። ፊልሙ ላይ ያሉት ገደሎች ግን በየቦታቸው ነበሩ፤ ሰውዬው ራሱ ያልገባውን ነገር ሳያጎድሉ ይዘው ቆይተዋል።

ዊልኪንስ በበረረ በዓመቱ፣ ኖቬምበር 28 እና 29 ቀን 1929፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ባይርድ በባለ ሦስት ሞተር ፎርድ አውሮፕላን ወደ ደቡብ ዋልታ በረረ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ባይርድን ጨምሮ አራት ሰዎች ነበሩ፤ መሪውን የያዘው በርንት ባልከን ነው፣ ሁለተኛው አብራሪና የሬዲዮ ሰው ሃሮልድ ጁን፣ ፎቶግራፍ አንሺው አሽሊ ማኪንሊ። ከሮስ የበረዶ ገበታ ወደ ከፍተኛው አምባ የሚያወጣው በር በተራሮች መካከል ያለ የበረዶ ሸለቆ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ከብዶ መውጣት አቃተው። ገደሉ ግራና ቀኝ ሲጠብብ ባልከን ክብደት ይቀነስ አለ። የአደጋ ጊዜ ምግብ የያዙ ከረጢቶች እየተጎተቱ በበሩ ወደ በረዶው ተጣሉ፤ አውሮፕላኑም ቀለል ብሎ ጫፉን አለፈ። ወድቀው ቢቀሩ የሚበሉትን ጣሉ፤ የማኪንሊን ከባድ ካሜራ ግን አልጣሉም። ማኪንሊ በቀኝ በግራ መስኮት እየተመላለሰ ተራሮቹን ያለማቋረጥ ያነሳ ነበር።

አውሮፕላኑ ሰፈሩ ተመልሶ ለማረፍ አንድ ቀን እንኳ አልሞላውም። በዚያው ወቅት ሎረንስ ጉልድ የተባለው የጂኦሎጂ ባለሙያ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በውሻ ጋሪ ወደ እነዚያው ተራሮች ይጓዝ ነበር፤ የእነሱ ጉዞ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። አየር ላይ ያሉት የማይችሉትን ግን ምድር ላይ ያሉት ቻሉ። ድንጋዩን በመዶሻ ሰበሩ፣ የቆሙበትን ነጥብ በመሣሪያ ለኩ። ፎቶና እግር አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ መሆኑ ያን ጊዜ ግልጽ ቢሆንም፣ ትምህርቱ በደንብ የገባው ከብዙ ወጪ በኋላ ነው።

ሰሜኑም ቢሆን ዝም አላለም። በጁላይ 1931 ግዙፉ የጀርመን የአየር መርከብ «ግራፍ ዘፔሊን» በሁጎ ኤክነር አዛዥነት በአርክቲክ ሰማይ ላይ ለአንድ ሳምንት ያህል ዞረ። የሳይንሱ መሪ የሶቭየቱ ሩዶልፍ ሳሞይሎቪች ነበር። በፍራንዝ ዮሴፍ ላንድ ውሃ ላይ አርፎ ከበረዶ ሰባሪው «ማሊጊን» ጋር ፖስታ ተለዋወጠ። ለጉዞው ከወጣው ገንዘብ ብዙው የተገኘው ከቴምብር ሰብሳቢዎች ነበርና። ባለ ብዙ ሌንስ ካሜራዎቹ ሰፊ ምድር ያዙ፤ ደሴት ተብሎ የተጻፈ ቦታ የሌላ ደሴት ቅጥያ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም ነበር።

በዚያ ቅዝቃዜ ካሜራ ማሠራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የመዝጊያው ዘይት ይረጋና መዝጊያው ይዘገያል፤ ስለዚህ ዘይቱ ሁሉ አስቀድሞ ይጸዳል። ፊልሙ ይደርቅና ይሰባበራል። በፍጥነት ሲጠቀለል በደረቁ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈጥርና ፊልሙ ላይ መብረቅ የመሰለ መስመር ይተዋል። ባዶ ጣት ብረቱን ሲነካ ቆዳው ይጣበቃል፤ በወፍራም ጓንት ደግሞ ትንንሾቹ ቁልፎች አይያዙም። ነጩ በረዶ ብርሃኑን ሁሉ ስለሚመልስ መጠኑን ያልለመደ ሰው ባዶ ነጭ ወረቀት ይዞ ይመለሳል።

ምስሉ አምሮ ቢወጣም ገና ካርታ አይደለም። ካርታ ለመሥራት እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ጋር ከግማሽ በላይ መደራረብ አለበት። ባለሙያው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በሁለት ሌንስ ሲመለከት አንዱ ዓይን አንዱን፣ ሌላው ዓይን ሌላውን ያይና ተራራው ከወረቀቱ ላይ ብድግ ብሎ ይቆማል፤ ገደሉ ይሰምጣል። ያን ጊዜ ከፍታ ይለካል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ተራራው በዓለም ላይ የት እንዳለ ፎቶው አይናገርም። ያን የሚናገረው አንድ ቀያሽ በእግሩ ደርሶ፣ ፀሐይን ወይም ኮከብን በመሣሪያ ለክቶ፣ «ይህ ጫፍ እዚህ ነው» ያለው ነጥብ ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህን በውድ ዋጋ ተማረው። በ1946 እና 1947 ባይርድ በበላይነት በመራው «ሃይጃምፕ» በተባለ ዘመቻ 13 መርከቦችና 4,700 ያህል ሰዎች ወደ አንታርክቲካ ዘመቱ። ስኪ የተገጠመላቸው ስድስት አውሮፕላኖች ከአውሮፕላን ተሸካሚው መርከብ ወለል ላይ በሮኬት ግፊት እየተወነጨፉ ተነሱ። አውሮፕላኖቹ የያዙት የሦስት ካሜራ ዘዴን ነው፤ አንዱ ካሜራ ቁልቁል፣ ሁለቱ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው በአንድ ጊዜ ያነሳሉ። በአንድ ጠቅታ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለው ምድር ይያዛል። 70,000 ያህል ፎቶዎች ተነሱ።

ዋጋው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ዲሴምበር 30 ቀን 1946 ለፎቶ የወጣ አንድ የባሕር አውሮፕላን ሰማዩና በረዶው አንድ ዓይነት ነጭ ሆነውበት በተርስተን ደሴት ላይ ተከሰከሰ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ስድስቱ በፍርስራሹ መካከል 13 ቀን ቆይተው ተገኙ። ሦስቱ እስከ ዛሬ እዚያው በረዶ ውስጥ ናቸው።

ፎቶዎቹ ቤት ሲደርሱ አብዛኞቹ ካርታ ሊሠራባቸው እንደማይችል ታወቀ። ምድር ላይ የተለካ ነጥብ አልነበራቸውም። ስለዚህ በ1947 መጨረሻ ሁለት በረዶ ሰባሪ መርከቦች እንደገና ተላኩ። ሥራቸው ቀያሾችን በሄሊኮፕተር እያነሱ በፎቶው ላይ በሚታዩ ጉብታዎችና ድንጋዮች ላይ ማውረድ፣ ልኬቱ እስኪያልቅ መጠበቅና መልሶ መጫን ነበር። ከሄሊኮፕተሮቹ የተነሳ ዘመቻው «የነፋስ ወፍጮ» ተባለ። ስለዚህ ሁለተኛ ጉዞ ብዙ አይወራም፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ፎቶ ካርታ ያደረገው እሱ ነው።

ፎቶ የማንሳቱ ሥራ ሁልጊዜ ንጹሕ ዕውቀት ፍለጋ አልነበረም። በ1939 መጀመሪያ በአንታርክቲካ የናዚ ጀርመን መርከብ «ሽዋበንላንድ» «ቦሬያስ» እና «ፓሳት» የተባሉ ሁለት አውሮፕላኖቿን እያስፈነጠረች ከ11,000 በላይ ፎቶዎች አነሳች። አውሮፕላኖቹ ምድሪቱን የእኛ ናት ለማለት ስዋስቲካ ያለባቸው የአሉሚኒየም ቀስቶች በበረዶው ላይ ጣሉ። ኖርዌይ ወሬውን ሰምታ ጃንዋሪ 14 ቀን 1939 ያንኑ ምድር የራሷ መሆኑን አስቀድማ አውጃ ነበር። ከጀርመኖቹ ፎቶዎች ብዙዎቹ በጦርነቱ ጠፉ፤ ይህም የሚያሳዝን ነው፣ በረዶው የማንን ባንዲራ እንደተሸከመ አያውቅምና።

በካናዳ አርክቲክ የሆነውም መነገር አለበት። በ1948 የካናዳ አየር ኃይል ላንካስተር አውሮፕላን በፎክስ ቤዝን ባሕር ላይ ሲያነሳ በታተመ ካርታ ላይ የሌለ ደሴት አገኘ። 9,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ ጣናን ሦስት ጊዜ የምታህል ደሴት ናት። የልዑል ቻርለስ ደሴት ተባለች። የአካባቢው ኢኑዊቶች ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቋት ነበር። አልታወቀችም የተባለው ካርታውን ለሚያትሙት ነው።

በ1955 ዲሴፕሽን ደሴት እንደገና የካሜራ ሰፈር ሆነች። ዊልኪንስ በተነሳባት ደሴት፣ በተዘጋው የዓሣ ነባሪ ፋብሪካ ውስጥ፣ በፒተር ሞት የሚመራ የእንግሊዝ የፎቶ ቡድን ሰፈረ። በሁለት የባሕር አውሮፕላኖች ሁለት የበጋ ወቅት ሠሩ። ሰማዩ ጠርቶ ለፎቶ የሚመቸው ቀን ጥቂት ስለነበር አብዛኛው ሥራ መጠበቅ ነው። ቢሆንም ከ10,000 በላይ ፎቶዎች ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ፎቶዎቹ ወደ መደርደሪያ ገቡ። ካርታው ተሠርቷልና የሚፈልጋቸው አልነበረም።

ያነሳቸው ሁሉ ያላሰበው ሁለተኛ ሕይወት የመጣው በረዶው መቅለጡ ሲያሳስብ ነው። ሳተላይት የዋልታን በረዶ በየጊዜው ማየት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት በረዶው የት እንደነበረ የሚናገር ምስክር ከእነዚህ መደርደሪያዎች ሌላ ብዙ የለም። በ2005 አሊሰን ኩክና ባልደረቦቿ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተነሱ ከ2,000 በላይ የአየር ፎቶዎችን ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው በአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት ወደ ባሕር የሚወርዱ 244 የበረዶ ግግሮችን ለኩ። ከመቶ 87ቱ ወደ ኋላ ሸሽተው ነበር።

በግሪንላንድም እንዲሁ ሆነ። ክኑድ ራስሙሰን በ1932 እና 1933 በመራው የመጨረሻ ጉዞው የዴንማርክ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ደቡብ ምሥራቅ ግሪንላንድን ለካርታ አነሱ። ራስሙሰን በጉዞው ላይ ታሞ በ1933 መጨረሻ አረፈ። ፎቶዎቹ በዴንማርክ መዝገብ ቤት ተረስተው ቆዩ። አንደርስ ቢዮርክና ባልደረቦቹ አውጥተው 132 የበረዶ ግግሮችን በ2012 ሲያጠኑ ምስሉ ማንም የጠበቀውን ብቻ አልተናገረም። በ1930ዎቹ ሙቀትም በረዶው በፍጥነት ሸሽቶ ነበር፤ መሬት ላይ የሚያበቁት እንዲያውም ያን ጊዜ ይብሱ ነበር፤ ባሕር የሚነኩት ደግሞ በ2000ዎቹ ባሱ።

የኖርዌዩ የዓሣ ነባሪ ባለሀብት ላርስ ክሪስተንሰን በ1936 እና 1937 ያሰማራው ቡድንም በምሥራቅ አንታርክቲካ 2,200 ያህል ፎቶዎች አንስቶ ነበር። ቪጎ ቪደሮ ያበርራል፣ ኒልስ ሮምነስ ያነሳል፤ የባለሀብቱ ሚስት ኢንግሪድም አብራ በርራለች። ጦርነቱ መጥቶ ሥራው ተጓተተ፤ ፎቶዎቹም ትሮምሶ ባለው የኖርዌይ የዋልታ ተቋም ተቀመጡ። በ2024 የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 130 ያህሉን በኮምፒውተር እንደገና ወደ ከፍታ ሞዴል ቀየሯቸው። በዚያ 2,000 ኪሎ ሜትር ጠረፍ በረዶው ከ1937 ወዲህ በአመዛኙ ጸንቶ፣ በአንዳንድ ቦታም በጥቂቱ ወፍሮ ተገኘ። ምክንያቱ የበረዶ ዝናቡ መጨመሩ ነው። የበረዶውን ነገር በቅንነት ለማወቅ የሚሻ ሰው እንዲህ ያለውንም ከመቅለጡ ዜና እኩል መስማት አለበት፤ ፎቶዎቹ የሁሉንም ይናገራሉ።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የጣሊያን ጦር ከ1935 እስከ 1941 ለወረራና ለቅኝ አገዛዝ ካርታ ብሎ የአገሪቱን ምድር ከአየር አንስቶ ነበር። በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ከ8,000 በላይ የፎቶ ስብስቦች በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ተገኝተው፣ ዛሬ ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን ደን፣ እርሻና የተሸረሸረ መሬት ከአሁኑ ጋር ያስተያዩባቸዋል።

ወደ ክሬን እንመለስ። የክሬን የበረዶ ግግር ወደ ባሕር ሲወርድ ከፊቱ ላርሰን ቢ የተባለ ሰፊ ተንሳፋፊ የበረዶ ገበታ እንደ ግድብ ይዞት ይኖር ነበር። ከጃንዋሪ 31 ቀን 2002 ጀምሮ በአምስት ሳምንት ውስጥ አንድ ጣና የሚያህል፣ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር በረዶ ተሰባብሮ ሄደ። ሳተላይት ከላይ ሆኖ ቀን በቀን አነሳው። ግድቡ ሲነሳ የክሬን በረዶ ፍጥነቱን ጨመረ፣ ሳሳ፣ ጫፉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሸ። ዊልኪንስ በዲሴምበር 1928 በአውሮፕላኑ መስኮት አይቶ ሰርጥ ነው ያለው ሸለቆ፣ የታችኛው ክፍሉ አሁን ውሃ ገብቶበታል። ግራና ቀኝ የቆሙት ገደሎች በእሱ ፎቶ ላይ ያሉት ናቸው።